ይሄ ፎቶ የመቼ ነው?

ባለፈው ሳምንት ቤተሰብ ግሩፕ ላይ አንድ የጎርፍ ፎቶ ለቀቅኩ። መኪናው እስከ መስኮቱ ሰምጧል፤ አንድ ሰውዬ ጣራው ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን በእጁ ይዟል። «ዛሬ ጠዋት ነው፣ ተጠንቀቁ» ብዬም ጻፍኩበት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ ይሄ እኮ የዛሬ ስድስት ዓመት ነው፤ አገሩም ሌላ ነው» አለችኝ። አፈርኩ።

እንዴት እንዳወቀች ጠየቅኋት። ነገሩ ቀላል ነው። ፎቶውን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፤ ስክሪንሾትም ይበቃል። ከዚያ ጉግል ሌንስ የሚባለውን፣ በምስል የሚፈልገውን የጉግል መሣሪያ ከፍታችሁ ምስሉን ስጡት። ፎቶው ከዚህ በፊት የወጣባቸውን ገጾች ያመጣላችኋል። ቀናቸውን እዩ። «ዛሬ» የተባለው ነገር ከዓመታት በፊት በወጣ ዜና ላይ ካለ፣ አለቀ። ቲንአይ (TinEye) የሚባል ሌላ የምስል መፈለጊያ ድረ ገጽም አለ፤ እሱ ውጤቱን ከድሮው ጀምሮ እንዲደረድር ማዘዝ ይቻላል። እኔ እሱን ወድጄዋለሁ።

ምስሉ ላይ ጽሑፍ ከተለጠፈበት ጽሑፉን ቆርጣችሁ አውጡት። ቪዲዮ ከሆነ ደግሞ ጥርት ያለ ቦታ ላይ አቁማችሁ ስክሪንሾት አንሱ።

ምንም አልተገኘም ማለት ግን ፎቶው እውነት ነው ማለት አይደለም። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ከተሳሳታችሁም ዝም ብላችሁ አታጥፉ፤ «ተሳስቼ ነው» ብላችሁ ጻፉ። እኔ ያጠፋሁት ሦስት ሰው ካስተላለፈው በኋላ ነበር።