ባሕር ዳር ላይ የዛገ የግቢ በር እንዴት ይታደሳል?

ሽምብጥ ሰፈር ያለው ቤታችን የላሜራ በር ታችኛውን ጠርዙን ዝገት በላው። ጥፋቱ የኔ ነው። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል ዝገቱን ሳልፍቅ ቀለም ቀባሁት። አዲስ መሰለ። ለፋሲካ ግን ቀለሙ አባብጦ ይረግፍ ጀመር። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ከሥር ሆኖ ቀለሙን ይገፋዋል። እባካችሁ ዝገት ላይ አትቀቡ።

ሥራውን ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ጀምሩ። ጣና ጨዋማ ስላልሆነ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ችግር የለብንም። የኛ ጣጣ ክረምቱና የጠዋት ጤዛው ነው።

ዝገቱን በብረት ብሩሽ፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት ፍቁ። ግራይንደር ይፈጥናል፤ ስስ ላሜራን ግን ይበሳል። እኔ በእጅ መፈቅፈቁን እመርጣለሁ። አሮጌ ቀለም መርዛማ እርሳስ (ሊድ) ሊኖርበት ስለሚችል አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ልጆችን አርቁ።

ዋናው ነገር የበሩ ፍሬም ታችኛው ቱቦ ነው። በሩ የሚበላው ከውስጥ ነው። ዝናብ በብየዳው ክፍተት ይገባና መውጫ ያጣል። ቱቦውን በካቻቢቴ ጫን ጫን እያደረጋችሁ ፈትሹ። ከሰመጠ ቀለም አያድነውም፤ በያጅ ቆርጦ ይቀይረው። ጠንካራ ከሆነ ከሥሩ፣ በሁለቱም ጫፍ፣ በትራፓኖ ትንንሽ ቀዳዳ ብሱ። ውሃው ይውጣ! እኔ ቀዳዳ ውሃ ያስገባል ብዬ በስቱኮ ደፍኜው ነበር፤ ውሃውን ውስጥ ቆለፍኩበት ማለት ነው። በሩ ሥር የተከመረ አፈር ካለም ጥረጉ፤ እርጥብ አፈር ብረት ላይ ተደግፎ መክረም የለበትም።

ከዚያ በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) በራሰ ጨርቅ ወልውሉና አድርቁ። ጤዛው ሳይለቅ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት፣ አትቀቡ። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ አቁሙ፤ ቀለሙ ማታ ከመቀዝቀዙ በፊት ይጠጥር። የተፈቀፈቀ ብረት ካደረ መልሶ ይዝጋል፤ የመጀመሪያውን አንቲረስት (ዝገት የሚከላከለውን ቀይ የሥር ቀለም) የግድ በዚያው ቀን ቀቡ። ሲደርቅ ድገሙት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። በሩ በቀዩ አንቲረስት ብቻ ሁለት ክረምት ይከርማል። አንቲረስት ለብቻው እርጥበት ያሳልፋል፤ የዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ ይደረብበት።

የጣራ ቆርቆሮ ከሆነ ግን ያልዛገውን ክፍል በብረት ብሩሽ አትንኩ። ብረቱን የሚጠብቀው ላዩ ላይ ያለው ስስ ዚንክ ነው።

ብሩሽ ያጠባችሁበትን አኳራጅ ቦይ ውስጥ አትድፉ። የከተማው ጎርፍ መጨረሻው ጣና ወይም ዓባይ ነው። በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ ክደኑት፤ ቀለሙ ሲዘቅጥ ጥሩውን ከላይ ቀድታችሁ መልሳችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።