«ግደል» የሚለው ምዕራፍ ሲመጣ

ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ለሰፈር ልጆች መጽሐፍ ቅዱስ አነባለሁ። አንድ ቀን 1ኛ ሳሙኤል 15 ላይ ደረስን። ሳኦል አማሌቅን፣ የሚጠባው ሕፃን ሳይቀር፣ እንዲያጠፋ የታዘዘበት ነው። አንዱ ልጅ «የሚጠባው ምን አደረገ?» አለኝ። «እለፈው» አልኩት። አሁንም ያሳፍረኛል።

እናንተ አትለፉት። «እኔንም ያስጨንቀኛል» በሉትና አብራችሁ ቁጭ በሉ።

መጀመሪያ ተናጋሪውን ለዩ። ትእዛዝ ነው? የንጉሥ ቁጣ ነው? የተበደለ ሰው ጸሎት ነው? እኔ ከዳር በእርሳስ እጽፈዋለሁ። መዝሙር 136 (በሌላው አቆጣጠር 137) የባቢሎንን ሕፃናት በዐለት ላይ የሚፈጠፍጠውን ብፁዕ ይላል። የሚናገሩት ተማርከው የተወሰዱ ሰዎች ናቸው። ይህ የገባኝ በ2014ቱ ጦርነት ማግስት፣ ለቅሶ ቤት ነው። ልጇ የሞተባት እናት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ «የነሱም እናት እንደኔ ትቃጠል» አለች። ማንም አልተቆጣትም። ቡና ቀድተን ሰጠናት። መዝሙሩንም እንደዚያ ስሙት።

የጥንት አባቶች እነዚያን ሕፃናት ገና ሳያድግ የሚቀጭ ክፉ ሐሳብ ነው ብለው ተርጉመዋል። ደስ ይላል። ግን ደሙን ማጠቢያ አታድርጉት። ልጁ የጠየቀኝ ስለ ሐሳብ አልነበረም።

ከዚያ ጥንዱን ፈልጉ። 2ኛ ነገሥት 1 ላይ በኤልያስ ቃል እሳት ከሰማይ ወርዶ 50 ወታደር ከነአለቃው ይበላል፤ ደግሞ ሌላ 50። ሉቃስ 9 ላይ ያዕቆብና ዮሐንስ በሳምራውያን መንደር ላይ እሳት እናውርድ ወይ ሲሉ ጌታ ዞሮ ገሠጻቸው። ሁለቱንም ገጽ ክፈቱ፤ አንዱን በአንዱ አትሸፍኑ።

እኔ የምወደው 2ኛ ነገሥት 6ን ነው። የሶርያ ወታደሮች እጁ የገቡለት የእስራኤል ንጉሥ «ልግደላቸው?» ብሎ ሁለቴ ይጠይቃል። ኤልሳዕ አብላቸው አለው። ትልቅ ግብዣ ተደርጎላቸው በሰላም ሄዱ። እኛ ጋ አስታራቂዎቹ አበጋሮች ደም ሲያደርቁ የገዳይና የሟች ወገን አብሮ እንደሚበላው ማለት ነው። ቁጥር 23 ላይ ግን አታቁሙ። 24 ላይ የሶርያው ንጉሥ ወልደ አዴር ጦሩን ሰብስቦ ሰማርያን ከቧል።

ሌላ እምነት ያለው ሰው ባለበትም አንብቡ። ባለፈው ይህንኑ ጮክ ብዬ ሳነብ ሙስሊሟ ጎረቤታችን አቦሏን ይዛ ታዳምጥ ነበር። «ቆይ፣ ለግብዣው ማን አረደላቸው?» አለች። መጽሐፉ አይናገርም። ቅዳሜ ልጆቹን እጠይቃቸዋለሁ።