ዝናቡ ካባራ በኋላ ለሚመጣው ሙላት፦ ሂዩስተን አካባቢ ወንዝ ዳር ለምትኖሩ

ሃሪኬን ሃርቪ ኦገስት 25 ቀን 2017 ቴክሳስ ሲገባ ሁሉም የፈራው ነፋሱን ነበር። ሂዩስተንን ያጥለቀለቃት ግን ማዕበሉ አልሄድ ብሎ ለቀናት ያወረደው ዝናብ ነው፤ ኔደርላንድ በምትባለው የቴክሳስ ከተማ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ተለክቷል። ከተማው ውስጥ ዝናቡ ያባራው ኦገስት 29 አካባቢ ሲሆን፣ የብራዞስ ወንዝ ሪችመንድ ከተማ ላይ 55 ጫማ ደርሶ ከፍተኛው ላይ የወጣው ሴፕቴምበር 1 ነው። ከላይ የዘነበው ውኃ ወርዶ እስኪደርስ ቀናት ይፈጅበታል። ስለዚህ ሰማዩ ስለጠራ ብቻ ወደ ቤት አትመለሱ።

ተራ የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም። የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ የሚጀምረው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ማዕበሉ ከተሰማ በኋላ መግዛት አይጠቅምም።

በብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ድረ ገጽ ላይ ከቤታችሁ በላይ በኩል ያለውን የወንዝ መለኪያ ፈልጉ። የሚታየው ቁጥር መንገዳችሁ ላይ የሚቆመው የውኃ ጥልቀት አይደለም፤ ያለፉት ጎርፎች ስንት ጫማ ላይ ሰፈራችሁን እንደነኩ አይታችሁ አወዳድሩ። ጠዋትና ማታ ደግማችሁ እዩት። እዚያው ያለው የወንዙ ከፍታ ትንበያ የሚያስገባው የጥቂት ቀናት ዝናብ ብቻ ነው፤ ማዕበሉ ባለበት ከቆመ ቁጥሩ ከፍ እያለ ይሄዳል። ከአዲክስና ከባርከር ግድቦች በታች ባፈሎ ባዩ በሚባለው ወንዝ ዳር የምትኖሩ ደግሞ ግድቦቹ ውኃ ሊለቁ መሆኑን አብራችሁ ተከታተሉ፤ በ2017 ብዙ ቤት የገባው ከዚያ የተለቀቀ ውኃ ነው።

ውጡ ከተባላችሁ ሳይመሽ ውጡ። 15 ሴንቲ ሜትር የሚፈስ ውኃ አዋቂ ሰው ይጥላል፤ 30 ሴንቲ ሜትሩ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፣ 60 ሴንቲ ሜትሩ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ከስሩ አስፋልቱ ተቦርቡሮ እንደሆነም አይታይም። ቤት ውስጥ ከተያዛችሁ መውጫ የሌለው አቲክ (ጣሪያው ሥር ያለው ክፍት ቦታ) ውስጥ አትግቡ፤ ውኃው ከተከተላችሁ ወጥመድ ነው።

ስትመለሱ፣ ቆማችሁበት ያለው መሬት እርጥብ ከሆነ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ። ጄኔሬተር ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ውጭ ይቀመጥ፤ ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለበት። ምንም ነገር አውጥታችሁ ሳትጥሉ ለኢንሹራንሱ ውኃው ግድግዳው ላይ የተወውን ምልክትና እያንዳንዱን ዕቃ ፎቶ አንሱ። ድራይዎል (የግድግዳው የጂፕሰም ሰሌዳ) ውኃውን ወደ ላይ ስለሚመጥ ከምልክቱ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡት፤ ከኋላው ያለውንም እርጥብ ኢንሱሌሽን (ሙቀት መከላከያ) አውጡ። ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይጀምራልና አትዘግዩ። እንጨቱ ውስጡ ሳይደርቅ አዲስ ድራይዎል ከተመታበት ሻጋታው ከጀርባ ያድግና ሥራው እንደገና ይፈርሳል።