አነስተኛ ግራፊክስ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ስትመርጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ላፕቶፕ ለመግዛት የሚያማክሩኝ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ግራፊክስ ካርዱ ስንት ጊጋ ነው?» ብለው ነው። ምን ልትሠሩበት ነው ስላቸው ብራውዘር፣ ወርድና ኤክሴል፣ ፊልም፣ አልፎ አልፎ ቀለል ያለ ጌም ይላሉ። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ግን ጊጋው ብዙም የሚነግረን ነገር የለም።

ጊጋውን ብቻ ማየት

ከሁሉም የበዛው ስህተት ይህ ነው። የካርዱ ሚሞሪ ትልቅ ሲሆን ብዙ ይይዛል እንጂ ይፈጥናል ማለት አይደለም። ኤንቪዲያ የሚባለው ኩባንያ የሠራውን 940ኤምኤክስ ካርድ ተመልከቱ። በዲዲአር 3 ሚሞሪም በጂዲዲአር 5 ሚሞሪም ተሠርቶ ወጥቷል። ባለ ዲዲአር 3ው በሰከንድ 16 ጊጋባይት ገደማ ያስተላልፋል፣ ባለ ጂዲዲአር 5ው 40 ገደማ። ስማቸው አንድ ነው፣ ሥራቸው ግን ይለያያል። ስለዚህ ባለ 2 ጊጋው ጂዲዲአር 5 ባለ 4 ጊጋውን ዲዲአር 3 ሊቀድመው ይችላል። የሚሞሪውን ዓይነት ሳትጠይቁ አትግዙ።

ሌላም ነገር አለ። ዊንዶውስ ከኮምፒውተሩ ራም እስከ ግማሽ የሚደርሰውን ለግራፊክስ እንዲውል ይፈቅዳል፤ ይህም ከካርዱ ሚሞሪ ጋር ተደምሮ ይታያል። ትልቅ ቁጥር ስታዩ አትቸኩሉ። ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ «ዴዲኬትድ» የሚለውን ብቻ አንብቡ። የካርዱ የራሱ ሚሞሪ እሱ ነው።

«ለብቻው ያለ ካርድ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካለው ግራፊክስ ሁልጊዜ ይበልጣል» ማለት

ድሮ ልክ ነበር። በ2020 ግን ከኢንቴል 11ኛው ትውልድ ጋር የመጣው አይሪስ ኤክስኢ የተባለ ግራፊክስ፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ሆኖ ሳለ፣ ለብቻው ካርድ ከሆነው ከኤንቪዲያ ኤምኤክስ 350 ጋር ተቀራራቢ ሆነ። በ2022 የወጣው የኤኤምዲ ራዲዮን 680ኤም፣ እሱም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ፣ ደግሞ የኤንቪዲያን ኤምኤክስ 450 ካርድ ያልፈዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። እነዚህ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት የሚሠሩት በኮምፒውተሩ ራም ነው። ራሙ አንድ ፍሬ ብቻ ከሆነ መንገዱ ይጠብባቸዋል፣ አቅማቸውም በግልጽ ይወርዳል። አይሪስ ኤክስኢ እንዲያውም በአንድ ራም ሲሠራ ስሙ ራሱ ተቀይሮ «ዩኤችዲ» ተብሎ ይታያል። ባዶ የራም ቦታ ካለ ሁለተኛ ራም መጨመር ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ካርድ ያለው ሌላ ላፕቶፕ ከመፈለጋችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

በስሙ መተማመን

በ2017 የወጣው ኤምኤክስ 150 ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንዱ እስከ 25 ዋት ኃይል የሚወስድ፣ ሌላው 10 ዋት። የመነሻ ፍጥነታቸው 1469 እና 937 ሜጋኸርዝ ነው። ስሙ ላይ ይህን የሚለይ ምንም ምልክት የለም። በ2020 የመጣው ኤምኤክስ 330ም ቁጥሩ አደገ እንጂ ውስጡ ያለው ያው የኤምኤክስ 150 ቺፕ ነው። ሞዴሉን ብቻ ሳይሆን ዋቱንም ፈልጉ።

ቪዲዮ ሲቆራረጥ ካርዱ ደካማ ነው ማለት

ፊልም ማየት የጌም አቅም አይጠይቅም። ቪዲዮውን የሚፈታው ለዚሁ የተሠራ ክፍል ነው። ኤቪ 1 የሚባለውን የቪዲዮ ዓይነት ኢንቴል መፍታት የጀመረው ከ11ኛው ትውልድ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ፕሮሰሰሩን ያስጨንቁታል። ቪዲዮ ለምታቀናብሩ ደግሞ ይህን ልንገራችሁ፦ ኤምኤክስ 150፣ 250 እና 330 ቪዲዮ የሚያምቅ ክፍል ጭራሽ የላቸውም። ኤክስፖርት ስታደርጉ የሚያግዛችሁ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ነው።

ለሁሉም ዝግመት ካርዱን መውቀስ

ብራውዘሩ ብዙ ታብ ሲከፈትበት የሚንቀራፈፍ ከሆነ፣ ወይም ላፕቶፑ ለመነሳት ደቂቃዎች የሚወስድ ከሆነ፣ መጀመሪያ ራሙንና ዲስኩን እዩ። በ4 ጊጋ ራምና በሃርድ ዲስክ የሚሠራ ማሽን ምንም ካርድ ቢኖረው አይፈጥንም።

ካርዱ እየሠራ መሆኑን አለማረጋገጥ

ሁለት ግራፊክስ ባለው ላፕቶፕ ላይ ጌሙ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ግራፊክስ እየሄደ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ሊቀመጥ ይችላል። ጌሙን ክፈቱና ታስክ ማናጀር ላይ የትኛው እንደሚሠራ እዩ። ካልሆነ የዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ ግራፊክስ ግቡ፤ ጌሙን መርጣችሁ «ሃይ ፐርፎርማንስ» አድርጉት። ቻርጀሩንም ሰክታችሁ ሞክሩ፣ በባትሪ ብቻ ሲሆን አብዛኞቹ ካርዶች ራሳቸውን ይገድባሉ።