ትራንስሚተሩን ከመነካካታችሁ በፊት

ትራንስሚተር ግፊትን፣ የውሃ ከፍታን ወይም ሙቀትን ለክቶ በኤሌክትሪክ ከረንት ወደ ኮንትሮል ሩም የሚልክ መሣሪያ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር አላማረንም፤ ወዲያው የመሣሪያውን ዜሮ (የመለኪያውን መነሻ ነጥብ) ወደ ማስተካከል እንሮጣለን። እባካችሁ ይሄን ነገር ተዉት። ከሁሉም ስህተት የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ከአቃቂ ወዲያ ባለ አንድ ፋብሪካ ያየሁትን ልንገራችሁ። የውሃ ታንከሩ ከፍታ ማሳያ መስታወት 48 በመቶ ያሳያል፤ ኮንትሮል ሩም ግን 60 ይላል። ቴክኒሻኑ ልጅ ቶሎ ብሎ ዜሮውን ዝቅ አደረገና 48 አስነበበው። ሁሉም ደስ አለው። ማታ ታንከሩ ሲሞላ ቁጥሩ ከ48 ንቅንቅ አላለም። ፓምፑም አልቆመም። ውሃው ገንፍሎ የሌሊት ሺፍት ሲጠርግ አደረ። ለካ የውሃውን ግፊት ወደ ትራንስሚተሩ የሚወስደው ቀጭን ቱቦ በዝገትና በደለል ተደፍኗል። 60 ያስነበበው ውስጡ ታፍኖ የቀረ ግፊት ነበር። ማፍሰሻ ቫልቩን ከፍቶ ቢያይ ኖሮ ወዲያው ይታወቅ ነበር። ቱቦውን ካጸዳን በኋላ ደግሞ ዜሮው መጀመሪያ የት እንደነበር የጻፈ ሰው አልተገኘም። እኔም ስጀምር ይህንኑ አድርጌያለሁና ልጁን አልተቆጣሁትም። «ከማስተካከልህ በፊት ያገኘኸውን ጻፍ» አልኩት።

ሚሊ አምፔሩን ሳይለኩ መፍረድም አለ። ትራንስሚተሩ የለካውን ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር ባለ ከረንት ነው የሚልከው፤ ስለዚህ ከ0 እስከ 10 ባር ከሆነ 5 ባር ላይ 12 ሚሊ አምፔር ይሰጣል። ስክሪኑ 8 ባር ካለ ፒኤልሲው (ከረንቱን ተቀብሎ ወደ ቁጥር የሚቀይረው መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) ላይ ከ0 እስከ 16 ተብሎ ተሞልቷል ማለት ነው። ትራንስሚተሩ ምን አጠፋ? ጭራሽ 0 ሚሊ አምፔር ካገኛችሁ ደግሞ ሽቦውንና ፓወር ሰፕላዩን እዩ። ሽቦ ከመንቀላችሁ በፊት ግን ለኦፕሬተሩ ተናገሩ፣ ሉፑም (በትራንስሚተሩ ቁጥር የሚሠራው አውቶማቲክ ቁጥጥር) ማንዋል ላይ፣ ማለትም በሰው እጅ፣ ይሁን።

የፈላ ውሃ 100 ዲግሪ ነው የሚለው ትምህርት እኛ ጋ አይሠራም። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆኑ ውሃ የሚፈላው 92 ወይም 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፒቲ100 (ሙቀት ሲጨምር ኦሙ የሚጨምር የሙቀት ሴንሰር) እዚያ ላይ 138.5 ኦም አይሰጥም፤ 135 ከምናምን ነው የሚሰጠው። በዚህ ምክንያት ደህና ሴንሰር ሲጣል አይቻለሁ፣ ያሳዝናል። በደቀቀ በረዶና በውሃ ፈትኑት፤ 0 ዲግሪ ላይ 100 ኦም ማሳየት አለበት።

የዚህ ስህተት ወንድም ፍጹም ግፊት (ምንም አየር ከሌለበት ባዶነት ጀምሮ የሚቆጠር ግፊት) በሚለካ ትራንስሚተር ላይ ይሠራል። ለአየር ተከፍቶ 78 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ሲያሳይ «ዜሮው ሸሽቷል» ብለው ዜሮ ያደርጉታል። አልሸሸም። የአካባቢያችን አየር ግፊት እሱ ነው። ሰሌዳውን አንብቡ።

ክረምት ላይ ቁጥሩ ያለ ምክንያት ከፍ ካለ ክዳኑን ክፈቱ። ተርሚናሉ ላይ የገባ ውሃ ተጨማሪ ከረንት ያሳልፋል። አድርቁት፣ የክዳኑን ጎማ ቀይሩ፣ ኬብሉም ውሃው ወደ ውስጥ እንዳይወርድ ከመግቢያው በታች ጎንበስ ብሎ ይምጣ።