በረኛ ተከላካዮቹን በድምፅ እንዴት ይመራል?

እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ስታዲየሞች ባዶ በነበሩበት ወቅት ጨዋታ በቴሌቪዥን የተከታተለ ሰው፣ በረኞች ምን ያህል እንደሚጮሁ በጆሮው ሰምቷል። ሜዳውን በሙሉ ከፊቱ የሚያየው በረኛው ነው። ያየውን ካልተናገረ ግን ማየቱ ለተከላካዩ ምን ይጠቅመዋል?

ቃላቱን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ይህን ደረጃ እኔ ዘልዬው ነበር። በአንድ የሰፈር ዋንጫ ጨዋታ ኳስ ከክንፍ ሲሻማ፣ አጥቂው ከመሀል ተከላካያችን ጀርባ ሲሾልክ አየሁና «ያዘው!» ብዬ ጮህኩ። ሰውየውን ማለቴ ነበር። ተከላካያችን ኳሱን መሰለው፤ አጥቂውን ትቶ ወደ ኳሱ ዘለለ። ኳሱ በአናቱ አለፈ፣ አጥቂው ብቻውን አገባ። «ያዝ» ለሰውም ለኳስም ይሆናል፤ ስለዚህ ሜዳ ላይ አትጠቀሙበት። ለሰው «ሰውህን!»፣ ለኳስ «አውጣ!» በሉ።

ሌላም አለ። «ከኋላህ ሰው አለ» እና «ከኋላህ ሰው የለም» የሚለያዩት በመጨረሻዋ ቃል ብቻ ነው። በጫጫታና በነፋስ መሀል ደግሞ ቀድማ የምትጠፋው እሷው ናት። እኛ «ሰው!» እና «ዙር!» ብለን አሳጠርነው፤ ሁለቱ ለጆሮ ፈጽሞ አይመሳሰሉም።

ስም ይቅደም። «ዳዊት፣ ግራህን!» ስም የሌለው ትእዛዝ አራት ሰው ያዞራል፣ ወይም አንድም አያዞርም። ግራና ቀኝ ሁልጊዜ የተጫዋቹ ይሁን፤ ፊቱን ወደ እናንተ ሲያዞር የእናንተ ግራ የእሱ ቀኝ ነውና። ታላላቆቻቸውን ማዘዝ የሚከብዳቸው ወጣት በረኞች ብዙ ናቸው። «አንተ» ማለት ሜዳ ውስጥ ነውር አይደለም፤ ዝም ማለት ግን ጎል ያስቆጥራል።

በማዕዘን ምት ኳሱ ገና ወደ ላይ ሳለ ወስኑ፦ «የኔ!» ወይም «አውጣ!»። «የኔ» ካላችሁ በኋላ መመለስ የለም፤ ተከላካዩ ቦታውን ለቆላችኋል። ተቃራኒን ለማታለል መጮህ ደግሞ ቢጫ ካርድ ያስከትላል።

በቅጣት ምት ከኳሱ ፊት ግድግዳ ሆነው የሚሰለፉትን ሰዎች ብዛት በጣት አሳዩ። ከኳሱ ያለው ርቀት 9.15 ሜትር ነው። ከቋሚው ስር ሆናችሁ ስታስተካክሉ ዓይናችሁ ከኳሱ አይነሳ፤ ዳኛው ፊሽካ ጠብቁ ካላላቸው ተቃራኒዎቹ ወዲያው መምታት ይችላሉ። እኔ የምመርጠው አንድ የግድግዳው ተጫዋች ፊቱን ወደ በረኛው አዙሮ ሌሎቹን እንዲያሰልፍ ነው።

ወደ ኋላ የሚመለስ ኳስ። እ.ኤ.አ. ከ1992 ወዲህ የቡድን ጓደኛችሁ ሆን ብሎ በእግሩ ያቀበላችሁን በእጅ መንካት ክልክል ነው። ስለዚህ ከጎሉ አፍ ወደ ጎን ወጥታችሁ ጠይቁ፤ ቢያመልጣችሁ እንኳ ወደ ውጭ ይወጣል። ስትጠይቁም «ለኔ!» አትበሉ፣ ከ«የኔ» ጋር ይምታታል። «መልስ!» በቂ ነው።