ታትሟል ማለት ታርሟል ማለት አይደለም፦ ብራናንና የጥንት ኅትመትን ስናወዳድር የምንሠራቸው ስህተቶች

«ብራና በእጅ ስለሚገለበጥ ስህተት ይበዛዋል፤ ማተሚያ ከመጣ በኋላ ግን መጽሐፍ ጠራ» የሚል ሰው ሞልቷል። የድሮ መጻሕፍት የምታነቡ ሁሉ መጀመሪያ ይህን ሐሳብ ጣሉት።

የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን እዩ። የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ አሳተሙት። ልንኮራበት የሚገባ ትልቅ ሥራ ነው። ግን ፊደል የሚለቅሙት የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች ግዕዝ አያነቡም፤ የሚያነቡት መነኮሳት ደግሞ የኅትመት ሥራ አያውቁም ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን ይህን አልደበቁም። እዚያው መጽሐፉ ውስጥ፣ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ተረዳድተን ሠራነውና ይቅር በሉን ብለው ጻፉ። ይህን እያወቃችሁ «ኅትመቱ እንዲህ ይላል» በሚል ብቻ የአንድ ጎበዝ ቁም ጸሐፊን ብራና ውድቅ አታድርጉ።

ሁለተኛው ስህተት ቅጂ መቁጠር ነው። አንድ ሺህ የታተመ ቅጂ አንድ ምስክር ነው፤ ሁሉም የወጣው ከአንድ የፊደል ድርድር ነውና። ጸሐፊ ሲሳሳት ስህተቱ በእሱ ብራናና ከእሱ በተገለበጡት ላይ ይቀራል፤ አታሚ ሲሳሳት ግን በአንድ ጊዜ አገር ያዳርሳል። በ1631 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ «አታመንዝር» የሚለውን ትእዛዝ አሉታውን ጥሎ «አመንዝር» ብሎ ወጣ። አታሚዎቹ 300 ፓውንድ ተፈረደባቸው።

የአንድ ኅትመት ቅጂዎችም ቢሆኑ ፍጹም አንድ አይደሉም። በዚያ ዘመን ማተሚያው እየሠራ ስህተት ከተገኘ ቆም አድርገው ያርማሉ፤ ወረቀት ውድ ስለሆነ ግን ቀድሞ የታተመውን አይጥሉም፣ ከታረመው ጋር ቀላቅለው ይጠርዙታል።

ከምን እንደታተመም ጠይቁ። ይሄ በጣም ይዘነጋል። የሆላንዱ ሊቅ ኤራስመስ በ1516 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንዷ ከተማ ባዝል የግሪኩን ሐዲስ ኪዳን ሲያሳትም፣ በእጁ የነበረው የራእይ ብራና የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች ስለጎደሉት ከላቲን መልሶ ወደ ግሪክ ተረጎማቸው። የእነ አባ ተስፋ ጽዮን የሐዋርያት ሥራም አብዛኛው ክፍል፣ የሚገለበጥበት ምንጭ ስላልተገኘ፣ እዚያው ሮም ከላቲንና ከግሪክ የተተረጎመ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ብራና ሁሉ፣ ያረጀው በተለይ፣ ትክክል ነው አትበሉ። ሁለት መስመሮች በአንድ ቃል ሲያልቁ የጸሐፊ ዓይን ይዘልና መሃሉን ይተወዋል። ኅዳግ ላይ ያለ ጽሑፍም ሁልጊዜ ጭማሪ አይደለም፤ የተዘለለው ተመልሶ የገባበት ሊሆን ይችላል። ዛሬ ወደ ኮምፒውተር የምትገለብጡም፣ ስህተት የመሰላችሁን ዝም ብላችሁ አታቃኑ፤ እንዳለ ጻፉትና እርማታችሁን ከግርጌ አስቀምጡ።